የባሕር ወለል ጭቃና የዕድሜው ልክ፦ የቅንጣት መጠንና የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ጥናት አጭር ታሪክ

መግቢያ

ወንዝ የሚወስደው ውኃ ብቻ አይደለም። ከተራራ የታጠበው አፈር፣ ከማሳ የተሸረሸረው ለም ጭቃ፣ ከገደል የተፈረፈረው ድንጋይ ሁሉ በክረምት ጎርፍ ተጠራርጎ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ወንዙም ድንጋዩን እያንከባለለና እያደቀቀ፣ አፈሩንም በውኃው ውስጥ አንሳፎ እስከ ባሕር ያደርሰዋል። በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የጂኦግራፊ ትምህርት የወንዝን ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ላይ ያቆመዋል። የደለሉ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። ባሕር ከገባ በኋላ የት ያርፋል? በአንድ ዓመት ምን ያህል ይከማቻል? ያረፈው በዚያው ይቀራል ወይስ ማዕበል አንሥቶ ሌላ ሥፍራ ያደርሰዋል? ዓባይ ማደሪያ እንደሌለው የሚናገረው የአማርኛ ተረት ይዞት ስለሚዞረው ግንድ የተባለ ነው፤ ስለሚሸከመው አፈር ማደሪያ በልኬት የተደገፈ መልስ መስጠት የተቻለው ግን ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው።

ከደለሉ ዋና ዋና ማረፊያዎች አንዱ የአህጉር ጠርዝ ነው። የአህጉር ጠርዝ የሚባለው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየጠለቀ፣ በአማካይ እስከ 130 ሜትር ጥልቀት ድረስ የሚዘልቀው በባሕር የተሸፈነ የየብስ ቅጥያ ነው። ከዚያ ወዲያ ወለሉ በድንገት ያዘቀዝቅና ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ይወርዳል። አብዛኛው የዓለም ዓሣ የሚጠመደው፣ የከተሞችም ቈሻሻ በመጀመሪያ የሚደርሰው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ከዚህም በላይ መርዛማ ብረታ ብረቶች፣ ፀረ ተባይ መድኀኒቶችና ከአቶም ፋብሪካዎች የሚወጡ ዝቃጮች ይበልጥ የሚጣበቁት በደቃቁ ጭቃ ላይ በመሆኑ፣ ጭቃው የሰው ልጅ ወደ ባሕር የጣለውን ሁሉ በተራ በተራ ይዞ የሚያቈይ መዝገብ ሆኖ ይገኛል። ይህ መዝገብ ግን ቀን አልተጻፈበትም። ቀኑን የሚነግረው መሣሪያ ከተሳሳተ የአንዱ ዘመን ጥፋት በሌላው ዘመን ላይ ይላከካል፤ እየከፋ የሄደውም እየተሻሻለ የመጣ ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዝገቡን ለማንበብ ያስቻሉት ሁለት ዘዴዎች፣ ማለትም የቅንጣት መጠን ልኬትና የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ቈጠራ፣ እንዴት እንደ ተፈጠሩና እንዴት እንደ ተገናኙ ማሳየት ነው። ከታሪኩ የሚገኘው ዋና ትምህርትም ሁለቱ ዘዴዎች ለየብቻቸው ሲወሰዱ አሳሳች፣ አንዱ ሌላውን ሲያርም ግን የታመኑ ምስክሮች መሆናቸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. የቅንጣት መጠን ልኬት አመጣጥ

ገበሬ አውድማ ላይ እህሉን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትን ነፋሱ ገለባውን አርቆ ይወስደዋል፤ ፍሬው ግን እዚያው አጠገቡ ይወድቃል። ባሕርም በደለል ላይ የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ይመስላል። ጠጠርና አሸዋ ከባድ ስለ ሆኑ ከወንዙ አፍ ብዙ ሳይርቁ ይወድቃሉ፤ የላመው ደለልና ሸክላው ግን ተንሳፎ ይርቃል። ስለዚህ ከባሕር ወለል የወጣ አንድ እፍኝ ጭቃ ተወስዶ የቅንጣቶቹ መጠን ቢለካ፣ ጭቃው ባረፈበት ሥፍራ የነበረው የውኃ ኀይል ምን ያህል እንደ ነበር ለመገመት ይቻላል።

ለዚህ አስተሳሰብ የሒሳብ መሠረት የጣለው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ስቶክስ ነው። በ1851 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ በረጋ ውኃ ውስጥ የምትሰጥም ደቃቅ ቅንጣት ፍጥነቷ የሚያድገው ከዲያሜትሯ ካሬ ጋር ነው፤ ይኸውም ዲያሜትሯ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቷ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ማይክሮን የሚባለው መለኪያ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በስቶክስ ስሌት መሠረት ዲያሜትሯ 63 ማይክሮን የሆነ የኳርትዝ ቅንጣት 100 ሜትር ጥልቀት ባለው የረጋ ውኃ ውስጥ ወርዳ ወለሉን ለመንካት 8 ሰዓት ያህል ሲበቃት፣ 4 ማይክሮን የሆነችው ግን 80 ቀን ገደማ ያስፈልጋታል። በነዚህ 80 ቀናት ውስጥ የባሕር ጅረት ምን ያህል አርቆ ሊወስዳት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የባሕርን ወለል በሰፊው ናሙና መውሰድ የተጀመረው ቻሌንጀር የተባለችው የብሪታንያ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው ጉዞ ነው። ከጉዞው የተገኙትን ናሙናዎች መርምረው ጆን መሪና አልፎንስ ሬናር በ1891 ያሳተሙት መጽሐፍ የባሕር ደለል ሳይንስ መነሻ ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ «አሸዋ» ወይም «ጭቃ» የሚባለው በየተመራማሪው ግምት ስለ ነበር የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር። ዮሐን ኡደን በ1898 እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለው እጥፍ የሚሆንበትን መለኪያ አቀረበ፤ ቼስተር ዌንትዎርዝም በ1922 ይህንኑ አሻሽሎ ለደረጃዎቹ የተወሰነ ስም ሰጣቸው። በዚሁ መሠረት ከ2 ሚሊሜትር እስከ 63 ማይክሮን ያለው አሸዋ፣ ከ63 እስከ 4 ማይክሮን ያለው የላመ ደለል፣ ከዚያ በታች ያለው ሸክላ ተባለ። የላመው ደለልና ሸክላው በአንድነት ጭቃ ይባላሉ። ዊልያም ክሩምባይን በ1934 መለኪያውን ለስሌት እንዲያመች ወደ ሎጋሪዝም ለወጠው። አሸዋው በወንፊት ይለካል፤ ጭቃው ግን ማንኛውም ወንፊት ስለማይዘው በመስታወት ቱቦ ውስጥ በውኃ ተበጥብጦ፣ በተወሰኑ ሰዓታት ላይ ከተወሰነ ጥልቀት ናሙና እየተቀዳ በስቶክስ ሕግ ይሰላል። በኋላ ዘመን ይህን አድካሚ ሥራ የኤሌክትሪክና የሌዘር መሣሪያዎች አቃልለውታል።

እስከ 1930ዎቹ ድረስ ተቀባይነት የነበረው ትምህርት ከባሕር ዳር እየተራቀ በሄደ ቍጥር ደለሉ ያለማቋረጥ እየላመ ይሄዳል የሚል ነበር። ፍራንሲስ ሼፓርድ በ1932 ባቀረበው ጥናት ይህ በብዙ ሥፍራ እንደማይሠራ፣ ከባሕር ዳር ርቆ በሚገኘው የጠርዙ ክፍል ሳይቀር ግርድፍ አሸዋ እንደሚገኝ አሳየ። ኬኔት ኤመሪም በ1968 ከዓለም የአህጉር ጠርዞች 70 በመቶ የሚሆነው በጥንት ደለል የተሸፈነ መሆኑን ገመተ። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ብዙ ውኃ በየብስ ላይ በበረዶ መልክ ተይዞ ስለ ነበር የባሕር ከፍታ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር፤ ዛሬ በጥልቅ ውኃ ሥር የሚገኘው ያ አሸዋ የጥንቱ ባሕር ዳር ቅሪት እንጂ የዛሬው ባሕር ሥራ አይደለም።

በዚህ ላይ የቅንጣት መጠን ጥናት ድካም ግልጽ ሆነ። ቅንጣት «በምን ኀይል መጣህ» ቢባል ይመልሳል፤ «መቼ መጣህ» ቢባል ግን መልስ የለውም። የትናንቱ አሸዋና የ20,000 ዓመቱ አሸዋ በወንፊት ላይ አንድ ናቸው። ከዚህም ሌላ የሸክላ ቅንጣቶች ጨዋማ ውኃ ሲያገኙ እርስ በርስ እየተጣበቁ ስለሚጓጐሉ፣ ለየብቻቸው ቢሆኑ ከሚሰጥሙበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ ፈጥነው ይወርዳሉ። ስለዚህ ልኬቱ ቀን የሚነግር አጋዥ ያስፈልገው ነበር።

2. የእርሳስ-210 ሰዓት

አንሪ ቤክረል በ1896 ዩራንየም በራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ካወቀ በኋላ፣ ኧርነስት ራዘርፎርድና ፍሬደሪክ ሶዲ በ1902 ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ጨረር እያወጣ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጥ መሆኑን አስረዱ። የእያንዳንዱ ለውጥ ፍጥነት የተወሰነ ነው፤ ሙቀትም ሆነ ብርድ፣ ጥልቀትም ሆነ ጫና አያፋጥነውም፣ አያዘገየውም። የንጥረ ነገሩ ግማሽ የሚጠፋበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ዊላርድ ሊቢ በ1949 ይፋ ያደረገው የካርቦን-14 ዘዴ የዚሁ ዕውቀት ፍሬ ነው። ነገር ግን የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ስለ ሆነ የሺህ ዓመታትን ዕድሜ እንጂ ያለፉትን መቶ ዓመታት ለይቶ ለመናገር አይመችም። ፋብሪካዎች፣ ግድቦችና ታላላቅ ከተሞች የተስፋፉት ደግሞ በነዚሁ መቶ ዓመታት ውስጥ ነው።

ለዚህ አጭር ዘመን የሚስማማው ሰዓት የተገኘው ከእርሳስ-210 ነው። በማንኛውም አፈርና ድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራንየም-238 በረጅም ሰንሰለት እየተለወጠ ራዲየም-226ን ይወልዳል፤ ራዲየሙም ራዶን-222 የተባለውን ጋዝ ያስገኛል። ራዶኑ ከአፈር አምልጦ ወደ አየር ይወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን ብቻ ስለ ሆነም ፈጥኖ ይለወጥና በመጨረሻ እርሳስ-210 ይሆናል። ይህ እርሳስ ከዝናብና ከአቧራ ጋር ወርዶ፣ ባሕር ውስጥ ከተንሳፈፉት ደቃቅ ቅንጣቶች ጋር ተጣብቆ ወደ ወለሉ ይሰጥማል። ከዚያም በላዩ አዲስ ጭቃ እየተነጠፈበት በሄደ ቍጥር በ22.3 ዓመት ግማሽ ዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ከመርከብ ላይ ቱቦ ወደ ወለሉ ተተክሎ የደለል ዓምድ ይወጣል፤ ዓምዱም በየሳንቲ ሜትሩ ተቈርጦ የእያንዳንዱ ቁራጭ የጨረር መጠን ይለካል። በጭቃው ውስጥ ካለው ራዲየም የሚወለደው ነባር እርሳስ ተቀንሶ፣ ከላይ ወርዶ የተጨመረው ትርፍ እርሳስ ለብቻው ይሰላል። ለምሳሌ ትርፉ እርሳስ በ11 ሳንቲ ሜትር የጥልቀት ልዩነት በግማሽ ቀንሶ ቢገኝ፣ 11 ሳንቲ ሜትር ጭቃ በ22 ዓመት ገደማ ተከማችቷል፤ ይህም በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ከትርፉ የሚቀረው ከመቶ አምስት እጅ ያነሰ ስለሚሆን፣ ሰዓቱ ከዚያ አልፎ የሚያገለግለው በጥቂቱ ነው።

ኤድዋርድ ጎልድበርግ ይህን ሐሳብ በ1963 አቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክሮዛዝ፣ ፒቾቶና ደ ብሬክ የአንታርክቲካን በረዶ ለመቍጠር ተጠቀሙበት። በ1971 ክሪሽናስዋሚና ባልደረቦቹ በሐይቅ ደለል ላይ፣ በ1972 ደግሞ ኮይዴ፣ ሱታርና ጎልድበርግ በባሕር ደለል ላይ ሠሩበት። የመጨረሻዎቹ ከካሊፎርኒያ ፊት ለፊት ያለውን የሳንታ ባርባራ ረባዳ የመረጡበት ምክንያት ነበራቸው። በዚያ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ኦክስጅን እጅግ ስለሚያንስ ጭቃውን የሚቈፍሩ እንስሳት የሉም፤ ስለዚህ ዓመታዊዎቹ ንጣፎች እንደ ዛፍ ቀለበት ሳይደፈርሱ ይቈያሉ፤ የሰዓቱንም ትክክለኛነት ንጣፎቹን በመቍጠር መመርመር ይቻላል።

ሁለተኛው ሰዓት የሰው እጅ ሥራ ነው። ከ1945 ጀምሮ፣ ይልቁንም ከ1952 በኋላ፣ በአየር ላይ የተፈተኑት የኑክሊየር ቦምቦች ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ የሆነውን ሲዝየም-137ን በምድር ሁሉ ላይ በተኑ። ዝናቡ ይዞት የወረደው መጠን ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1963 ነው፤ በዚያው ዓመት በሞስኮ የተፈረመው ውል በአየር ላይ የሚደረገውን ፍተሻ በአብዛኛው ስለ ገታው ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ ሳይደፈርስ በተከማቸ ደለል ውስጥ ሲዝየሙ ጎልቶ የሚታይበት ንጣፍ «ይህ 1963 ነው» ብሎ እንደ ተጻፈ ምልክት ያገለግላል።

3. የኮሎምቢያ ወንዝ ትምህርት

ሁለቱ ዘዴዎች በአህጉር ጠርዝ ላይ ተገናኝተው የተፈተኑበት ዋና ሥፍራ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ያለው የዋሽንግተን ጠረፍ ነው። ወደዚህ ጠረፍ የሚፈሰው የኮሎምቢያ ወንዝ ከማንኛውም ወንዝ የተለየ ታሪክ ነበረው። በ1944 በወንዙ ዳር በሀንፎርድ፣ ለአቶም ቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም የሚያመርት ሪአክተር ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ተጨምረው ስምንት ሪአክተሮች የወንዙን ውኃ እየሳቡ ማቀዝቀዣ ካደረጉት በኋላ ወደ ወንዙ ይመልሱት ነበር። ውኃው በሪአክተሩ ውስጥ ሲያልፍ የተሸከማቸው ማዕድናት ራዲዮአክቲቭ እየሆኑ ይወጡ ነበር፤ ከነዚህም መካከል ዚንክ-65ና ኮባልት-60 ይገኙበታል። እንዲህ ዐይነቱ የመጨረሻው ሪአክተር የተዘጋው በ1971 ነው።

ግራንት ግሮስና ጃክ ኔልሰን በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ከወንዙ የወጣው ጭቃ እነዚህን ንጥረ ነገሮች እንደ ማኅተም ይዞ በባሕር ወለል ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። የዚንክ-65 ግማሽ ዕድሜ 244 ቀን፣ የኮባልት-60 ግን 5.3 ዓመት ያህል ስለ ሆነ፣ ጭቃው ከወንዙ አፍ እየራቀ ሲሄድ ዚንኩ ከኮባልቱ ይበልጥ እየቀነሰ ይታያል። በዚህ ንጽጽር የጭቃው ጉዞ ፍጥነት ተሰላ፤ ጭቃው ከጠረፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ሰሜን በዓመት አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ወደ ጥልቁ የሚሄደው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት መሆኑ ታወቀ። ዕውቀቱ የተገኘው ግን በከባድ ዋጋ ነው። ለተመራማሪዎች ምልክት የሆነው ጨረር ለወንዙ ዓሣና ዓሣውን ለሚመገበው ሕዝብ ብክለት ነበር፤ ከሀንፎርድ ወደ አየርና ወደ ወንዝ ስለ ተለቀቀው ነገር የሚናገሩ 19,000 ገጽ የሚሆኑ ሰነዶች ለሕዝብ ይፋ የሆኑትም በ1986 ነው።

በ1979 ቻርልስ ኒትራወርና ሦስት ባልደረቦቹ በዚሁ ጠረፍ ላይ የእርሳስ-210 ዘዴን በስፋት ሠርተው አወጡ። በጠርዙ መካከለኛ ክፍል ከወንዙ አፍ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተዘረጋ የላመ ደለል ቀበቶ አለ፤ ዓምዶቹ ሲመረመሩ ሦስት ክፍሎች ታዩ። በላይኛው ክፍል የትርፉ እርሳስ መጠን ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ በመካከለኛው በሥርዓት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በታችኛው ክፍል ትርፍ አይገኝም። የላይኛው ክፍል እኩል የሆነው በአንድ ቀን ስለ ተከማቸ አይደለም። ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ሌሎች የወለል እንስሳት ገበሬ ማሳውን እንደሚያርስ ጭቃውን ሲገለብጡት ስለሚኖሩ ነው። ይህ መደባለቅ ከቁም ነገር ሳይገባ ቢቀር ወጣቱ ጭቃ ወደ ታች ስለ ወረደ ብቻ ክምችቱ ከእውነተኛው የፈጠነ ይመስላል። ከ1979ኙ ጥናት ወዲህ እርሳስ-210 ቀን መቍጠሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ደለሉ የሚንቀሳቀስበትን ሂደት መመርመሪያ ሆነ።

4. ሰዓቱ በቅንጣት ላይ የተሳፈረ መሆኑ

ከእንስሳቱ ሌላ አንድ ታላቅ የስሕተት ምንጭ አለ፤ እርሱም ራሱ የቅንጣት መጠን ነው። ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሩ የሚጣበቀው በቅንጣቱ ገጽ ላይ ነው። ክብደቱ እኩል የሆነ ደለል ዲያሜትሩ በአሥር እጅ ሲያንስ የገጹ ስፋት አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሸክላ ከአንድ ኪሎ አሸዋ እጅግ የበለጠ እርሳስ-210 ይሸከማል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቀን የወረዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ የሚመጣውን ስሕተት በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ዓመት ኀይለኛ ማዕበል ተነሥቶ በጭቃው ላይ የአሸዋ ንጣፍ ቢተው፣ የጨረር መጠኑ በዚያ ንጣፍ ላይ በድንገት ዝቅ ይላል። የቅንጣቱን መጠን ያልለካ ተመራማሪ ንጣፉ ያረጀ ስለ መሰለው ዐሥርተ ዓመታትን በማይገባ ይጨምርበታል። በአንጻሩ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ደለሉ እየላመ የሚሄድ ከሆነ፣ ጨረሩ ከሚገባው በታች ይቀንሳልና ክምችቱ የፈጠነ ይመስላል። መፍትሔው ጨረሩን ከቅንጣቱ መጠን ጋር አዛምዶ ማንበብ ነው፤ ይኸውም አሸዋውን በወንፊት ለይቶ ጭቃውን ብቻ መቍጠር፣ ወይም የጨረሩን መጠን በናሙናው ውስጥ ላለው የሸክላ ድርሻ ማካፈል ነው። ያለ ወንፊት ሰዓቱ፣ ያለ ሰዓቱም ወንፊቱ ጎደሎ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ይህ ዕውቀት ከፍ ያለ ጥቅም የሰጠው በአየርላንድ ባሕር ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘውና ከ1981 ጀምሮ ሴላፊልድ ተብሎ የሚጠራው የዊንድስኬል የኑክሊየር ፋብሪካ ከ1952 ጀምሮ ዝቃጩን በቱቦ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፤ የተለቀቀው መጠን ከፍተኛ የነበረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በመጀመሪያ ዝቃጩ በባሕሩ ስፋት ተበትኖ ይጠፋል የሚል ግምት ነበር። ነገር ግን ከጠረፉ ፊት ለፊት ያለው የጭቃ ቀበቶ ፕሉቶኒየሙንና አሜሪሲየሙን አጥብቆ ያዘው፤ በአጠገቡ ያለው አሸዋማ ወለል የያዘው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ሲዝየም-137 በጨዋማ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ አብዛኛው ከጅረቱ ጋር ወደ ሰሜን ተጉዟል። ስለዚህ ብክለት የት እንዳለ ለማወቅ በቅድሚያ የደለሉን የቅንጣት ካርታ ማንሣት የግድ ሆነ።

5. ማረፍና መከማቸት

እርሳስ-210 የመቶ ዓመትን ነገር ይናገራል፤ የአንድ ክረምትን ግን አይናገርም። ለዚህ የተገኙት አጭር ዕድሜ ያላቸው ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቶርየም-234 በባሕር ውኃ ውስጥ ከሟሟው ዩራንየም ይወለዳል፤ ግማሽ ዕድሜው 24 ቀን ነው። ቤሪልየም-7 ከሕዋ የሚመጣ ጨረር የአየርን ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሲመታ ይፈጠራል፤ ግማሽ ዕድሜው 53 ቀን ሲሆን ከዝናብ ጋር ይወርዳል። ቶርየም-234 በጭቃ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ጭቃው ጥቂት ወራት በፊት በውኃው ውስጥ ሲንሳፈፍ እንደ ነበር ያስረዳል። አለርና ኮክራን በ1976 በሎንግ አይላንድ ባሕረ ሰላጤ ጭቃ ላይ የሠሩት ጥናት የዚህ ዘዴ ፈር ቀዳጅ ነው።

የረጅሙና የአጭሩ ሰዓት አንድ ላይ በተቈጠሩ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ታየ። በ1983 ማኪ፣ ኒትራወርና ዲማስተር በቻይና የያንግትዜ ወንዝ አፍ አጠገብ ባደረጉት ጥናት፣ በቶርየም-234 ሲለካ ጭቃው በወር 4.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርፍ ነበር፤ በእርሳስ-210 የተለካው የመቶ ዓመት ክምችት ግን ከፍተኛው በዓመት 5.4 ሳንቲ ሜትር ነው። የወሩ ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ ቢዘልቅ ኖሮ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ በሆነ ነበር። ስለዚህ በጎርፍ ወራት ከሚያርፈው ጭቃ አብዛኛው በክረምቱ ማዕበል ተነሥቶ ሌላ ሥፍራ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚህ ጥናት በኋላ በደለል ሳይንስ ውስጥ «ማረፍ» እና «መከማቸት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ተወሰዱ፤ የመጀመሪያው የእንግዳ፣ ሁለተኛው የነዋሪ ነገር ነው።

ይኸው ልዩነት በሰሜን ካሊፎርኒያ በኢል ወንዝ ፊት ለፊት በግልጽ ታየ። በ1995 በጃንዋሪና በማርች ወራት ታላቅ ጎርፍ ከወረደ በኋላ ተመራማሪዎች ሳይዘገዩ በመርከብ ደርሰው ናሙና ወሰዱ። አዲሱ ንጣፍ 70 ሜትር ጥልቀት ባለው ወለል ዙሪያ ተዘርግቶ እስከ 8.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። ቤሪልየም-7 ጭቃው ከቅርቡ ጎርፍ የመጣ መሆኑን መሰከረ፤ የቅንጣቱ መጠንም ከሥሩ ካለው ነባር ደለል ይበልጥ የላመና ሸክላ የበዛበት ነበር። ቤሪልየሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ከቶ ለመለካት እስኪያዳግት ቢጠፋም የላመው ንጣፍ ግን እንስሳቱ እስኪደባልቁት ድረስ የጎርፉ ምስክር ሆኖ ይቈያል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን በንጣፉ ውስጥ የተገኘው ጎርፉ ካወረደው ጭቃ አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ከጠርዙ አልፎ ወደ ጥልቁ ወርዷል ወይም ርቆ ተበትኗል። ወንዝ ያወረደውን ሁሉ በወንዙ አፍ ፊት ለፊት እናገኛለን ማለት ትክክል እንዳልሆነ ይህ ጥናት አረጋግጧል።

6. የዓባይ አፈር በሜዲትራንያን ጠርዝ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሩቅ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በናይል ዴልታ ፊት ለፊት በሜዲትራንያን የአህጉር ጠርዝ ላይ የተነጠፈው ጭቃ አብዛኛው መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ወደ ናይል የሚገባውን ደለል በብዛት የሚያመጡት ዓባይና ተከዜ ናቸው፤ ነጭ ዓባይ ደለሉን በረግረግና በሐይቅ ውስጥ ስለሚያራግፍ ድርሻው አነስተኛ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የደጋው አፈር በማዕድኑና በስትሮንሽየም አይሶቶፖቹ ከሰሐራ አቧራ ተለይቶ ይታወቃል። ባሕር ከገባ በኋላም ጅረቱ ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል፤ አሸዋው ከባሕር ዳር ሳይርቅ ወደ ሲናና ወደ እስራኤል ጠረፍ ሲጓዝ፣ የላመው ጭቃ ራቅ ብሎ በጠርዙ ላይ ይተኛል።

የአስዋን ታላቅ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ናይል ወደ ዴልታው የሚያወርደው ደለል በዓመት 120 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይገመት ነበር። ግድቡ ወንዙን መያዝ በጀመረበት በ1964 ይህ ጉዞ ከሞላ ጎደል ተቋረጠ፤ ግድቡም በ1970 ተጠናቀቀ። ደለል የተቋረጠበት ባሕር ዳር በማዕበል መበላት ጀመረ፤ በራሺድና በዱምያጥ የወንዙ አፎች አካባቢ የደረሰው መሸርሸር የታወቀ ነው። እዚህ ላይ አንድ ግጥጥሞሽ ማስተዋል ይገባል። የሲዝየም-137 ከፍተኛ ምልክት 1963ን ያመለክታል፤ የወንዙ ደለል የተቋረጠው ደግሞ በ1964 ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የሲዝየሙ ምልክት ሳይደፈርስ በተገኘበት ዓምድ ከምልክቱ በታች ያለው ግድብ ያልገታው ወንዝ ዘመን፣ ከበላዩ ያለው ደግሞ የግድቡ ዘመን ነው ለማለት ያስችላል። ሆኖም ወንዙ ሲቋረጥ የቅንጣቱም መጠን ስለሚለወጥ፣ ጨረሩ የቀነሰው በዕድሜ ነው ወይስ በቅንጣት ለውጥ የሚለው ጥያቄ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ እዚህ ይጠነክራል። ቤኒንገርና ባልደረቦቹ በማንዛላ ሐይቅ ደለል ላይ አድርገው በ1998 ያሳተሙት ጥናት ከአንድ በላይ በሆኑ ራዲዮአክቲቭ መከታተያዎች የተሠራ መሆኑ ለዚህ ዐይነቱ ጥንቃቄ ምሳሌ ይሆናል።

ዘዴው በባሕር ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብና በ1966 የተጠናቀቀው የሱዳን የሮዛሪየስ ግድብ በደለል ምክንያት ብዙ የውኃ መያዣ ቦታ አጥተዋል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ከተመረቀ ወዲህም ቀድሞ ወደ ሱዳን ይወርድ ከነበረው የዓባይ ደለል ብዙው በግድቡ ሐይቅ ወለል ላይ ያርፋል። ለባሕር ጠርዝ የተፈጠረው የዓምድ፣ የወንፊትና የሰዓት ጥናት በግድብ ሐይቅ ወለልም ላይ በዚያው ሥርዓት ይሠራል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ስቶክስና ዌንትዎርዝ የሰጡት ወንፊት የውኃውን ኀይል፣ ራዘርፎርድና ጎልድበርግ የሰጡት ሰዓት ጊዜውን ይናገራል፤ ነገር ግን ሰዓቱ የሚጓዘው በቅንጣት ላይ ተሳፍሮ ስለ ሆነ አንዱን ለይቶ ማንበብ ሌላውን ወደ ማሳሳት ያደርሳል። የኢል ወንዝ ሒሳብም እንዳስረዳው፣ የጎደለውን ሳይሸሽግ የሚያሳይ ልኬት ሁሉንም አገኘሁ ከሚል ግምት ይሻላል።

ከሰዓቶቹም አንዱ እየደበዘዘ ነው። በ1963 ከወረደው ሲዝየም-137 በ2023 የቀረው አንድ አራተኛ ገደማ ነው፤ በአየር ላይ የመጨረሻው የኑክሊየር ፍተሻ የተደረገው በ1980 ስለ ሆነም በፍተሻ የሚታደስ አይደለም። ይህ ለሰው ልጅ በጎ ነገር ነው፤ ለደለል ተመራማሪ ግን ምልክቱ ሳይጠፋ ናሙናውን መሰብሰብና ግማሽ ዕድሜው 24,000 ዓመት ገደማ የሆነውን ፕሉቶኒየም-239ን በምትኩ መቍጠር የሚያስፈልግ መሆኑን ያመለክታል።

መምህራን የነዚህን ዘዴዎች መሠረት ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ በክፍል ውስጥ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከወንዝ ዳር የተወሰደ አፈር በሁለት የመስታወት ዕቃዎች ውስጥ በውኃ ተበጥብጦ በአንደኛው ላይ ጨው ቢጨመር፣ አሸዋው በሁለቱም ወዲያው ሲሰጥም፣ ጨው ያልገባበት ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ደፍርሶ ሲቈይ ተማሪዎች ያያሉ። መቶ ሳንቲሞች ተበትነው ዘውድ የወጣባቸው በየጊዜው ቢለዩና የቀሩት እንደገና ቢበተኑ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ግማሽ ያህሉ ሲጠፉ የግማሽ ዕድሜ ትርጉም በዐይን ይታያል። ከዚያ በኋላ ተማሪው በክረምት ደፍርሶ የሚወርደውን ወንዝ ሲያይ፣ አፈሩ ወዴት እንደሚሄድና ባረፈበት ሥፍራ ዕድሜው እንዴት እንደሚነበብ ራሱ ለመጠየቅ ይችላል።